የእንዶድ በር ሽማግሌዎች ሳይቀምሱ የሚፈርዱበት ምክንያት

በእንዶድ በር ለዳኝነት የተቀመጠ ሽማግሌ ፍርዱን ሳይሰጥ እህል ይቅርና ውሃ እንኳ አይቀምስም። ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ «ኧረ ጉሮሯችሁን አርጥቡ» ካለ ያን ቀን ነገሩ አይታይለትም። እንግዳ ይህን ሲያይ «እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው» ይላል። ጨዋነቱ ከየት እንደመጣ ቢሰማ እንዲህ ለማድነቅ አይቸኩልም ነበር።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን የሻረግ የምትባል ሴት ባሏ ሞተባትና ሁለት ልጆቿን ይዛ ባሏ መንጥሮ ባቀናው መሬት ላይ ቀረች። ዋርሳዋ አንለይ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም መሆኑ ነው፣ «በአባቴ ርስት ላይ ሴት አታዝም፤ ልቀቂ» አላት። በመሬቱ እንጂ በምን ታሳድጋቸው? ሽማግሌ ይየን አለች። አንለይም እሺ አለና ሽማግሌዎቹን በዋዜማው ቤቱ ጠርቶ በግ አረደላቸው፤ እነሱም ምን ቸገራቸው፣ ጠግበው በሉ ይባላል።

በማግስቱ ሾላው ሥር ተሰብስበው የሻረግ ያላትን ሁሉ ተናገረች። መሬቱን ማን እንዳቀናው አገር ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ነገር ግን የበሉበትን ወጪት ሰባሪ እንዳይባሉ ሰጉና ለአንለይ ፈረዱ። የሰው ነገር ይገርማል፤ ሁለት ሕፃን ሜዳ ላይ ሲወድቅ ያላፈረ ሽማግሌ ለወጪት ያፍራል።

የሻረግ አላለቀሰችም ይባላል። ወደ ዋርሳዋ ዞራ፣ «እንግዲያስ ለወንድምህ ተዝካር ብዬ ከመንጋህ ጋር ያዋልኩትን በግ ስጠኝና ልሂድ» አለችው። አንለይ መሬት መሬት አየ።

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት አባ ይርዳው ቀስ ብለው፣ «በጉ ምን ዓይነት ነው ልጄ?» አሏት።

«ቦቃ ነው አባቴ።»

ማታ የበሉት እሱን ነበር። የሟቹን ተዝካር በልተው የሟቹን ልጆች ነቀሉ።

ያን ጊዜ እንኳ ፍርዱን መመለስ ይችሉ ነበር፤ ማን ከለከላቸው? አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። የሻረግ ልጆቿን ይዛ ወንዙን ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። አባ ይርዳው ግን ሳልፈርድ እህል ብቀምስ ብለው ማሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ ልማዱም በዚያው ጸና ይባላል።

ዛሬ አዲስ ሽማግሌ ሲሰየም ይህ ታሪክ ይነገረዋል፤ «ካለፈው ተማርን» ይሉታል። ምኑን ተማሩት? ረኃብ መቻሉን ተምረዋል። መሬቱን አሁንም የሚያርሱት የአንለይ የልጅ ልጆች ናቸው፤ በባዶ ሆዳቸው ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል የዚያች ሴት ልጆች የት ደረሱ ብሎ የጠየቀ አንድ እንኳ የለም።