ድፎውን ማን ይቁረስ?

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ሰባት ቤተሰብ አንድ የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት እየተጋራ ይኖር ነበር። ጉድጓዱ ጥልቅ ነበርና ጨርቁንም አመዱንም ሲውጥ ኖረ፤ አንድም ቀን «በቃኝ» ብሎ አያውቅም። በየእንቁጣጣሹ ሰባቱ ቤት ይሰበሰብና የግቢው ታላቅ ጋሽ ውብሸት ድፎውን ይቆርሱ ነበር። ደግ ዘመን ነበር፤ ሽታው ሳይቀር የጋራ ነበር።

ግቢው ፈረሰ፤ ሰባቱም በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንጻ ላይ ቤት ደረሳቸው። ጋሽ ውብሸት አዲሱን ቤት ሳያዩ አረፉ። ምድር ቤት የገቡት ባለቤታቸው እትዬ የሺመቤት ለመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ሁሉንም ጠሩ። «ዛሬ ድፎውን የሚቆርሰው በሳቸው ቦታ ታላቃችን ይሆናል» አሉ። ሰብሳቢ ከሌለ ሁሉም በሩን ዘግቶ እንደሚቀር ገብቷቸዋል፤ ያንንም ፈርተውታል።

ቢላዋው ሳይነሳ የእትዬ የሺመቤት መጸዳጃ ገነፈለ። ሰው ቤቱን ቢለቅ ልማዱን አይለቅምና ፎቅ ያሉት እንደ ድሮው ጉድጓድ ያገኙትን ሁሉ ሲጥሉበት ከርመው ነበር። ውሃው የጋሽ ውብሸት ልብስ ወዳለበት ሳጥን ገሰገሰ።

ከጎረቤቶቹ አንዱ ማንደፍሮ ሮጦ የሕንጻውን ውሃ ዘጋ። ዶሮ አጥባ ያልጨረሰች ሁሉ ረገመችው። ገና ሲገቡ በየበሩ እየዞረ «ይሄ ቱቦ ነው፤ ጨርቅና ዘይት አይወድም» ሲል «መሐንዲሱ» ብለው ስቀውበት ነበር። ሳጥኑ ሳይረጥብ ቀረ።

ሌላው ጎረቤት አስፋቸው የበዓል ነጭ ልብሱን እንደለበሰ የፍሳሹን ማንሆል ክዳን አነሳ። እጁን እስከ ብብቱ ሰዶ የረጋ የወጥ ቅባት፣ ጨርቅ፣ በመጨረሻም ያበጠ ዳይፐር ጎትቶ አወጣ። ውሃው ጉርጉር ብሎ ወረደ። «ልብስ ይታጠባል» አለ።

ዳይፐሩ ሲታይ ግን «የናንተ ነው»፣ «የናንተ ነው» መባባል መጣ። ሃያ ዓመት አብረው የበሉ ሁለት አባወራዎች አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ሆነ። ያን ጊዜ ፎቅ የምትኖረው ብርቄ መሃል ገባች።

«የልጅ ልጄ ዳይፐር ነው። የጣልኩት እኔ ነኝ፤ አትጣሉ።»

ሃፍረቷን አይተው አንዱ ዘይቱን፣ ሌላዋ ጨርቁን አመኑ። በየመጸዳጃ ቤቱ የቆሻሻ ቅርጫት ሊያስቀምጡም እዚያው ተስማሙ።

እትዬ የሺመቤት ቢላዋውን ይዘው ሦስቱን አዩ። ባላቸው ክፉኛ ናፈቋቸው፤ እሳቸው ቢሆኑ አያመነቱም ነበር። ማንደፍሮ ባይኖር ቤቱ፣ አስፋቸው ባይኖር ቱቦው፣ ብርቄ ባትኖር ጉርብትናው ጠፍቶ ነበር። ብርቄ ባትጥል ደግሞ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሰባቱ ቤት ድፎውን ከቦ ይጠብቃል። እናንተስ፣ ቢላዋውን ለማን ትሰጡ ነበር?