የሙሽሪት ፈቃድ ሁለት ቅጂ

አቶ ዳምጠው የሚባሉ አለቃ «እኔ አንዴ ካልኩ ቃሌ አይለወጥም» እያሉ ቢሮውን ያንቀጠቅጡ ነበር። በታኅሣሥ ለአንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለሠርጓ የጥርን ፈቃድ ሰጧት። ኋላ የእህታቸው ልጅ ጥርን ሲፈልግ ግን ፈቃድ የሚመዘገብበትን የኤክሴል ፋይል ከፍተው፣ እሷን ሠርግ ወደማይደገስበት ዐቢይ ጾም ወረወሯት።

«የፈቀድኩልሽ መጋቢትን ነው፤ ሰነዱን እዪው!»

ለካ ልጅቷ ማክሮ ሠርታ ኖሯል። ማክሮ ማለት አንዴ ያሳዩትን ሥራ ሳይሰለች የሚደግም ትእዛዝ ነው፤ የእሷው ማክሮ የፈቃዱ ፋይል በተዘጋ ቁጥር ቅጂውን እንደ ልብ በማይነካካው ፒዲኤፍ ያስቀምጣል። የታኅሣሡን ቅጂ አውጥታ ዘረጋችላቸው፤ «ጥር» ይላል።

አለቃው ደማቸው ፈላ። «ማን ቅጂ አስቀምጪ አለሽ? እኔን አላመንሽም ማለት ነው?»

«ኧረ አምኜዎት ነው እንጂ ጌታዬ! ቃሌ አይለወጥም ሲሉ ጊዜ፣ የማይለወጥበት ቦታ አስቀመጥኩልዎ። በጥር ሠርጌ ላይ ታዲያ እንዳይቀሩብኝ!»