የእፎይ ቤት ክር

አንድ ወጌሻ ነበር፤ ማንያዘዋል ይባላል። የሚኖርበት ከተማ ጉም የማይለቀው ከተማ ነው። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ ሰው የዘረጋውን የገዛ እጁን ጣቶች አያይም። ቢሆንም ማንም አይጠፋም ነበር። በከተማው መግቢያ አንድ ረጅም ማማ ቆሟል፤ በማማው ላይ የየቤቱ ስም በእንጨት ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። ከእያንዳንዱ ስም አንድ ቀጭን ክር ተነስቶ በጉሙ ውስጥ እስከዚያ ቤት ደጃፍ ይደርሳል። እንግዳ መጥቶ የሚፈልገውን ቤት ስም ሲናገር ማማውን የሚጠብቀው የስም ጠባቂ ክሩን ያስይዘዋል፤ እንግዳውም ክሩን በጣቱ እየዳሰሰ፣ በሕልም የሚሄድ ያህል ሳይቸኩል፣ ካሰበው ደጅ ይደርሳል።

ማንያዘዋል ለቤቱ ያወጣለት ስም "እፎይ" ነው። የተሰበረ እጅ፣ የወለቀ ትከሻ፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት ይዞ የመጣ ሁሉ ታሽቶና ታስሮ ሲወጣ የሚላት ቃል ናትና። ስሟ ሲጠራ በሰማ ቁጥር የወጌሻው አንጀት ይርሳል።

ታዲያ አንድ ቀን ለስም ጠባቂው ፊርማ የሌለው ክስ ደረሰው። "በእፎይ ቤት ደህና አጥንት እየተሰበረ ነው" ይላል። የማማው ደንብ ደግሞ የተከሰሰ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ቀርቦ መልስ ካልሰጠ ክሩ ይፈታል የሚል ነው። ጠባቂው ደንቡን አክብሮ መጥሪያ ላከ። መጥሪያው የሄደው ግን ማንያዘዋል ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ለቀቀው ቤት ነው። ወጌሻው ቤት ሲቀይር ክሩን ራሱ ጎትቶ አዲሱ ደጃፍ ላይ አስሮታል፤ በማማው መዝገብ ያለውን አድራሻ ማስቀየሩ ግን ዛሬ ነገ ሲል ቀርቷል። በአሮጌው ቤት አሁን የሚኖሩት አዛውንት አደራ አክባሪ ናቸው። "ማኅተም ያለበት ወረቀት በሌላ ሰው አይላክም፤ ለባለቤቱ በእጁ ነው የምሰጠው" ብለው ከፍራሻቸው ሥር አኖሩት፤ ለበዓል ሊጠይቃቸው እስኪመጣ ሊጠብቁት። በአራተኛው ቀን ስሙ ከማማው ወረደ፤ ክሩም ተፈታ።

ወጌሻው ምንም አልሰማም። በሩን ከፍቶ፣ ቅቤውን፣ ጨርቁንና ሸምበቆውን አሰናድቶ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ማንም የለም። መጀመሪያ ደስ አለው። "ተመስገን፣ ሰው መሰበር አቁሟል ማለት ነው" አለ፤ የከተማው ሰው ሁሉ በጉሙ ውስጥ ሳይወድቅ ቀስ እያለ ሲራመድ ይታየው ጀመር። አትሳቁበት። ደጁ ጭር ሲል መጀመሪያ የሌላው ደህንነት ትዝ የሚለው ስንት ሰው አለ? በሦስተኛው ሳምንት ግን ቅር ቅር አለው። ደጃፉ ላይ የታሰረውን ክር ቢስበው ክሩ ሳይወጠር ላልቶ መጣለት። እየጠቀለለ፣ እየጠቀለለ ሄዶ ከማማው ሥር ደረሰ።

"የቤቴን ስም ማን አወረደው?" ሲል ጮኸ።

"እኔ ነኝ" አለ ጠባቂው ሳይቆጣ። "መጥሪያ ልኬ ነበር፤ አልቀረቡም።"

"ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"ማውጣቱንማ አወጡት፣ ወጌሻ። የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።"

ለማንያዘዋል እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስም ያወጣ ሰው የስሙ ባለቤት ይመስለው ነበር። ክሱን አብረው መረመሩት። ከሳሽ ቢጠራ የለም፤ ደህና አጥንቱ ተሰበረ የተባለ ሰው ቢፈለግ የለም። ጠባቂው ይቅርታ ጠይቆ ስሙን በዚያው ሰዓት መልሶ ሰቀለው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር!

ከማማው ሥር አንዲት ሸክላ ሠሪ ተቀምጠው ነበር፤ እታለማሁ ይባላሉ። ቀኝ እጃቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። "እፎይ" ሲባል ሰምተው ቀና አሉ።

"እርስዎ ነዎት የእፎይ ቤት ወጌሻ?"

"እኔ ነኝ፣ እናቴ። መቼ ነው የተሰበሩት?"

"ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ ነው። የዚያኑ ዕለት መጥቼ ቤትዎን ብጠራ 'እንዲህ የሚባል ቤት የለም' አሉኝ። በነጋታውም መጣሁ፤ የለም አሉኝ። ሞተው ይሆናል ብዬ አልቅሼልዎታለሁ እኮ!"

ወጌሻው ነጠላውን ፈትቶ አጥንቱን ዳሰሰው። ገጥሟል፤ ግን ተጣሞ ገጥሟል።

"የማሰሮ አንገት የማበጀው በዚህ እጅ ነው" አሉ እታለማሁ። "ይመለስልኛል?"

ማንያዘዋል በሽተኛን ዋሽቶ አያውቅም። "እንደ ድሮው አይሆንም፣ እናቴ" አላቸው፤ እንባው መጣ።

እታለማሁ ወደ ጠባቂው ዞሩ። "ወረቀት ከሚልኩ ክሩ እጅዎ ላይ አልነበረም? ተከትለውት ቢሄዱ ያገኙት አልነበረም ወይ?"



ከዚያ ወዲህ ጠባቂው አንድን ክር ከመፍታቱ በፊት ራሱ ይዞት እስከ ደጃፉ ይሄዳል ይባላል። ማንያዘዋልም አድራሻውን አስቀየረ። አክሞ የሸኘውን ሁሉ ደግሞ "ክሩን ልቀቁትና ከማማው ቁልቁል ውረዱ፤ የወንዙ ድምፅ በግራ በኩል ሲሰማችሁ ሦስተኛው ደጅ የኔ ነው" እያለ መንገዱን በእግራቸው ያስጠናቸው ጀመር።

ዛሬ ብዙዎቻችን በኢንተርኔት ጉም ውስጥ ቤት ሠርተናል። ድረ ገጹ የራሳችን ነው፤ ጽሑፉም ድካሙም የራሳችን ነው። የዶሜይን ስሙ፣ ሰው ድረ ገጹን ጠርቶ የሚገባበት ስም፣ ግን መዝጋቢው ድርጅት የያዘው ክር ነው፤ ባልተጣራ ክስ ወይም ባልታደሰ አድራሻ ሊፈታ ይችላል። ያን ጊዜ ቤቱ አይፈርስም፤ የሚጎዳው ቤቱን ብሎ የመጣው ሰው ነው። ስም የያዘ ከመፍታቱ በፊት ይጠይቅ። ስም ያወጣም አድራሻውን ያድስ፣ ሌላ መንገድም ያሳይ።

እርስዎስ? ነገ ጠዋት ስምዎ ከማማው ቢወርድ፣ ደጅዎን ያለ ክር የሚያገኝ ስንት ሰው አለዎት?