ያልተነካ ይተኛ

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ማስተኛት ነበር።

አትሳቁ። የምታስተኛው ሕፃን አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የእጅ ስልክ በሚያሰናዳ አንድ ድርጅት ተቀጥራ፣ በስልኩ ሆድ ውስጥ ያሉትን ፕሮግራሞች ታስተኛለች። ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ፣ ማን ነቅቶ ማን እንደሚተኛ የሚወስን አንድ ሶፍትዌር አለ፤ እሱን የምትጽፈው እሷ ናት። እናንተ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ስትሄዱ ያረፈ ይመስላችኋል። አላረፈም። ውስጡ ብዙ ቤተሰብ አለ። አንዱ መልእክት መጣ ወይ እያለ ደጅ ደጁን ያያል፣ አንዱ የት እንደደረሳችሁ ይጠይቃል፣ ሌላው ፎቶ ያመላልሳል። ሁሉም የሚበሉት ከአንድ መሶብ ነው፤ መሶቡም ባትሪው ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህ ሶፍትዌር የዋህ ነበር። «አታስተኛኝ፣ ሥራ አለብኝ» ያለውን ሁሉ እሺ ይል ነበር። አንዳንዱ ፕሮግራም ግን ሥራውን ይጨርስና መጨረሱን መናገር ይረሳል። በዚያ በአንድ ዝንጉ ምክንያት ስልኩ ሲባንን ያድራል፤ ባለቤቱ ጠዋት ሲያነሣው ሞቶ ያገኘዋል። ሰው አማረረ።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ዘዴ ተማረ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሁሉንም ባንድ ላይ ያስተኛል። አልፎ አልፎ ለአፍታ ይቀሰቅስና «ያላችሁን ቶሎ ጨርሱ» ብሎ መልሶ ያስተኛቸዋል። ይህም ደግ ነበር። ሰው ግን መቼ ይጠግባል? «አሁንም ያልቃል» አለ።

ሴትዮዋ ያቺን ሕግ ያመጣቻት ያን ጊዜ ነው። አጭር ሕግ ናት፦ ያልተነካ ይተኛ።

ሶፍትዌሩ የባለቤቱን ጣት ይከተላል። ደጋግሞ የሚነካውን ፕሮግራም ንቁ ያደርገዋል። ሰንብቶ ያልነካውን ግን «ይህንን ሰውዬው አይፈልገውም» ይልና ከባድ እንቅልፍ ይጥልበታል። ጣት መጥቶ እስኪቀሰቅሰው ድረስ አይነቃም።

ተሳካላት። ባትሪው እስከ ማግስቱ የሚዘልቅ ሆነ። ቢሮው አጨበጨበላት። የሥራ ባልደረባዋ ጌዲዮን «አንቺማ ስልኩን መነኩሴ አደረግሽው» አላት፤ ትንሽ በልቶ ብዙ ይቆያል ማለቱ ነው። ደስ አላት። ለምን ደስ አይላት?

እሷ ራሷም በዚያው ሕግ መኖር ጀምራ ነበር፤ አላስተዋለችውም እንጂ። ሥራው ጉልበቷን ይጨርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የጓደኞቿን ሠርግ ተወች። ቀጥሎ የአክስቶቿን ለቅሶ። ከዚያ ጸሎቷ አጠረ፣ አጠረና «መድከሜን እሱ ያውቃል» የምትል አንዲት ቃል ሆና ቀረች። አባቷንስ? «አባቴን አልተውኩም» ነበር የምትለው። እንዲያውም ጠዋት ጠዋትና ማታ ማታ በገዛ ድምፄ አነጋግረዋለሁ ብላ ታምን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ጋሽ ደምሰው ደብረ ሲና ነው የሚኖሩት፤ ብቻቸውን። የዓይን ግፊት አለባቸው፣ ሐኪሞቹ ግላኮማ የሚሉት። ይህ በሽታ አያምም። ዝም ብሎ ከዳር ከዳር ብርሃን እየቆረሰ ይወስዳል። የሚገታው ጠዋትና ማታ ዓይን ውስጥ የሚገባ ጠብታ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ይረሳል። ስለዚህ ልጅቷ በሰጠቻቸው ስልክ ላይ ሰዓት ጠብቃ የምትናገር አንዲት ፕሮግራም ጫነች፤ በራሷ ድምፅም ቀዳችባት። «አባባ፣ ጠብታህን አድርግ።» ድምፁ ሲሰማ ጋሽ ደምሰው «እሺ ልጄ» ይሉና ያንጋጥጣሉ። ጠብታው ይገባል። ቀኑ ይነጋል፣ ቀኑ ይመሻል።

አስተዋላችሁ? ስልኩን አይነኩትም። «እሺ ልጄ» ብቻ ነው የሚሉት።

አዲሱ ሶፍትዌር እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በእሳቸውም ስልክ ላይ ገባ። ጣታቸውን ተከተለ። ያቺ ጠዋትና ማታ የምትጣራ ፕሮግራም ጣት ደርሶባት አያውቅም። ሶፍትዌሩ ክፉ አይደለም፤ የተባለውን ነው ያደረገው። አስተኛት።

የዝናቡ ወራት አለፈ። ሴትዮዋ እረፍት ወጣችና ወደ ደብረ ሲና በአውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱ ሲወዘውዛት፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ እንዳስደገፈች ሸለብ አደረጋት።

በሕልሟ ትልቅ ቤት ውስጥ ነበረች። ክፍሉ ብዙ ነው፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንዲት ኩራዝ ትበራለች። እሷ ባዶ እግሯን እየዞረች ኩራዙን እፍ እያለች ታጠፋለች። ስታጠፋ ደስ የሚል ዝምታ ይወርዳል፤ ቤቱ ጥጥ ውስጥ እንደ ገባ ዕቃ ድምፁ ይጠፋል። ከመጨረሻው ክፍል ስትደርስ አንዲት ልጅ ኩራዟን ታቅፋ ተቀምጣለች። «ማን ይፈልግሻል?» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ሴትዮዋም ጎንበስ ብላ እፍ አለች። ብርሃኑ ሊጠፋ ሲል የልጅቷን ፊት አየችው፤ የራሷ ፊት ነበር።

ባነነች። አውቶቡሱ ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁለቱን ይዟል። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። አንዲት ደመና የለችም።

ጋሽ ደምሰው ደጃፋቸው ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ኮቴዋን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ፤ ያዞሩት ግን ከእሷ ትንሽ አለፍ ወዳለው ወገን ነው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ውይ ልጄ! እግዜር ይመስገን።» እጃቸውን ዘረጉ፤ ትከሻዋን ዳብሰው አገኙት። «በዚህ ጭጋግ እንዴት መጣሽ? መኪናው መንገዱን አየው?»

ቆመች። ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ማዶ ያለው ተራራ ዛፉ ሳይቀር ይቆጠራል።

«የምን ጭጋግ?»

«ዘንድሮማ እንቢ አለ እኮ። መስቀል ካለፈም አልተነሣም። ጠዋትም ጭጋግ ነው፣ ቀትርም ጭጋግ ነው።»

ወገኖቼ፣ ደብረ ሲናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እዚያ ጭጋግ እንግዳ አይደለም፤ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል። ስለዚህ እሳቸው ማንንም አልጠየቁም። ጭጋጉ ከደጅ ነው ወይስ ከዓይኔ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ሴትዮዋ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጠብታህስ፣ አባባ?»

ሽማግሌው እንደ አጠፋ ሰው አንገታቸውን ደፉ። «ድምፅሽ ጠፋብኝ። መጀመሪያ ሐኪሙ ይብቃው ያለ መሰለኝ። ኋላም ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልኩ። መጥራቷ አይቀርም፣ ስትጠራኝ አደርጋለሁ እያልኩ ስጠብቅ… አንዳንድ ቀን ሲታወሰኝ አደርጋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን አንቺን ስጠብቅ ይመሻል።»

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«ድካም ላይ ነሽ። ላስቸግርሽ?»

ስልካቸውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሣችው። ያቺን ፕሮግራም ፈልጋ በጣቷ ነካቻት። ፕሮግራሟም ስትነካ ጊዜ ነቃችና ሰዓቷ አልፎባት የቆየውን ቃል ተናገረች።

«አባባ፣ ጠብታህን አድርግ።»

የጋሽ ደምሰው ፊት በራ። አጠገባቸው ወደ ተቀመጠችው ልጃቸው አልዞሩም። ወደ ስልኩ ዞሩ። ዘመድ ከሩቅ አገር እንደ ተመለሰላቸው ሁሉ ፈገግ ብለው፣

«እሺ ልጄ» አሉ።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ያ ድምፅ የማን ነው? የእሷ። ያስተኛውስ ማን ነው? እሷው። በገዛ እጇ የገዛ ድምፅዋን ከአባቷ ቤት አጠፋችው፤ ስላጠፋችውም ተጨበጨበላት።

ይዛቸው አዲስ አበባ ወጣች። ሐኪሟ ዓይናቸውን መርምራ ስትጨርስ እውነቱን ነገረቻቸው። የሄደው ብርሃን አይመለስም። የቀረው ግን ጠብታው ካልተቋረጠ ሊጠበቅ ይችላል። ጋሽ ደምሰው «ከዚህ በፊት የነበረውን ስንቱን አይቼበታለሁ፤ ለቀረው ዕድሜዬ የቀረው ይበቃኛል» አሉ። እሷን ግን አልበቃትም። ለምን ይበቃታል?

ሥራ በገባች ጊዜ ያቺን ሕግ ፈታች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሷ ግን ተቀምጣ ፈታችው። ከእንግዲህ ሶፍትዌሩ አንዱን ሊያስተኛ ሲል «ማን ነካው?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም። «ማን ይጠብቀዋል?» ይላል። በሰዓቱ ልነግርህ ብሎ ቃል የገባውን፣ አንድም ጣት ባይነካው፣ አያስተኛውም።

ጌዲዮን ሲያየው ፊቱን አኮሳተረ። «ይህማ ባትሪ ይበላል። የለፋንበት ቁጥር ይወርዳል።»

«ይውረድ» አለችው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ራሷ ትደውላለች። ጋሽ ደምሰው ያነሡና ይጠይቃሉ። «አንቺ ነሽ፣ ወይስ ስልኩ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እሺ ልጄ» ይላሉ። ጠብታው እስኪገባም መስመሩን አትዘጋም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

መተኛት ኃጢአት ነው አላልኩም። ጉልበታችሁ እንደ ባትሪው ያልቃል፤ የፈጠራችሁ ያውቀዋል። ሁሉን እሺ የሚል ሰው እንደ መጀመሪያው ሶፍትዌር ሲባንን አድሮ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። እረፉ። መብራት አጥፉ። እኔ የምጠይቃችሁ፣ የምታጠፉትን በምን ትመርጣላችሁ?

የሚጮኸውን ነቅቶ እንዲቆይ፣ ዝም ያለውን ተኝቶ እንዲቀር አላደረጋችሁም? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ሳታስቡት ምሳችሁን የምታቀርብላችሁ ሚስት፣ አንድ ቀን «ደከመኝ» ብላችሁ ስልኩን ያላነሣችሁለት ወንድም፣ ልጅ ሆናችሁ ጠዋት ትቀሰቅሳችሁ የነበረች ጸሎት፣ ክፉ ልትናገሩ ስትሉ ትጎትታችሁ የነበረች ኅሊና… የት አሉ? «እግዚአብሔር ዝም አለኝ» ትላላችሁ። ዝም አለ? ወይስ ድምፁን ያስተኛችሁት እናንተ ናችሁ?

ደግሞ ከእናንተ መካከል እንደ ጋሽ ደምሰው የሆነ አለ። መቼም ይጠራኛል እያለ ደጃፉ ላይ የተቀመጠ። ላስቸግራቸው አይገባም ብሎ የማይደውል። የሚጠብቀው እናንተን ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ። ጭጋግ መስሎ ከታያችሁ፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ለአንተም ጭጋግ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ኧረ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው» ካላችሁ አትከራከሩት። ቤታችሁ ግቡና ያስተኛችሁትን ቀስቅሱ። የሄደውን አልመልስላችሁም። ገና የቀረ ብርሃን ግን አለ።