ሁለት ጊዜ የተሰጠችው ልጅ

በእንግሊዝ አገር አንድ ባላባት ነበረ። ባላምባራስ፣ «ልጄን ለደጃዝማቹ መዳሬ ለሹመት ይበጀኛል ወይ?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ የዚህን ሰው ነገር ልንገርህ።

ሰውየው በዘር ከማንም አያንስም፤ በቤተ መንግሥት ግን የሚያውቀው አልነበረም። በበዓል ቀን ግብር ሲበላ ከበሩ አጠገብ ይቆማል፤ ንጉሡ አንድም ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር።

አግነስ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረችው። ለጎረቤቱ ልጅ ታጭታለች፤ እጮኛዋንም ትወደዋለች። በዚያ ወራት የንጉሡ ባለሟል የሆነ አንድ መስፍን ሚስቱ ሞተችበት። ባላባቱ ይህን ሲሰማ እጮኝነቱን አፍርሶ ልጁን ለመስፍኑ ዳራት። አግነስ አላለቀሰችም። በሠርጉ ዋዜማ እናቷን «ሰውየው ዕድሜው ስንት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ዓመት ሳይሞላ ባላባቱ የንጉሡ እልፍኝ አስከልካይ ሆነ። ንጉሡም በስሙ ይጠራው ጀመር።

ንጉሡ ግን በሽተኛ ነበር። እግሩ ላይ ያለው ቁስል አልሽር ብሎታል፤ ሕመሙ ሲጠናበት ሰው ሁሉ ሞቱን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ስለዚህ አዋጅ አስነገረ፤ የንጉሡን ሞት ያወራ በሰይፍ ይቀጣል፣ ሰምቶ ዝም ያለም እንደዚያው።

አንድ ቀን አግነስ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። እርጉዝ ነበረች። ምሳ እየበሉ ሳለ፣ የልቧን የምታዋየው ሌላ ሰው ስላልነበራት፣ «ባሌ ፈርቷል» አለችው። «ንጉሡ ይህን ክረምት አይወጣውም ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምንሆን እንጃ።»

አባቷም ምሳው እንዳበቃ ተነሣ። ደጅ ድረስ ወጥቶ ሸኛትና ተመልሶ ብቻውን ተቀመጠ። ነገሩ ከሌላ አፍ ቢወጣ፣ አማቱ ነህ ተብሎ አብሮ መውደቁ ነው። ቀድሞ ቢናገር እርሱ ይተርፋል፤ ልጁንም ንጉሡ ለእርሱ ሲል ይምርለታል። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነና ወደ ቤተ መንግሥት ሄደ። በንጉሡ ፊት ተንበርክኮ መስፍኑ ያለውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

ንጉሡ «ከማን ሰማህ?» አለው።

«ከልጄ፣ ጃንሆይ።»

«እሷስ ሰምታ ለምን ዝም አለች?»

ንጉሡ ጸሐፊውን ጠርቶ የባልና የሚስቱን ስም አስጻፈ።

«እርጉዝ ናት፣ ጃንሆይ» ብሎ ባላባቱ እግሩ ላይ ወደቀ።

«እስክትወልድ እንጠብቃታለን» አለ ንጉሡ።

መስፍኑ በሳምንቱ ተሰየፈ። አግነስ በግንብ ውስጥ ታሰረች። አባቷ አንድ ቀን ሊያያት ሄደ፤ እሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ማን እንደ ነገረብን ሳስብ ሰነበትኩ» አለችው። «እኔ ካንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፣ አባባ።»

አባቷ ወጣ። ተመልሶም አልሄደም። አግነስ እዚያው ሴት ልጅ ወለደች፤ በወለደች በአሥረኛው ቀን አወጧትና ሰየፏት። ሕፃኗን አንዲት ሞግዚት ወስዳ ከወር በኋላ ሞተች ብላ ላከች። ንጉሡ የባላባቱን ታማኝነት አይቶ የመስፍኑን ቤት ሰጠው። እርሱም ተቀብሎ ገባበት፤ ዘጠኝ ዓመት ኖሮበት ሞተ፤ በማዕረግ ልብሱም ተገንዞ ተቀበረ።

ባላምባራስ፣ ሰውየው ሹመቱን አላገኘም አላልኩህም። አግኝቶታል፣ እስኪሞትም አልተሻረም። አንተም ታገኘው ይሆናል። ደጃዝማቹ ዛሬ ተወዳጅ ናቸው። ነገ የተጠረጠሩ እንደሆነ ግን ጃንሆይ አንተን ያስጠሩህና ከልጅህ አፍ የሰማኸውን ይጠይቁሃል። ልጁን ሹመት ለማግኘት የሰጠ ሰው፣ ሹመቱ እንዳይወሰድበት ደግሞ ይሰጣታል፤ ሁለተኛውን መስጠት የሚወስነው በመጀመሪያው ቀን ነው። ያ ባላባት አንተ ነህ። ልጅህ ግን እስካሁን ከቤትህ አልወጣችም።