የትርንጎ ክንድ

አንድ የጦር ውርወራ አሰልጣኝ በአንዲት ቆላማ የወረዳ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አዳሙ ነው። ክፉ ሰው እንዳልነበረ አስቀድሞ ይታወቅለት። የሚያሠለጥናቸው ልጆች ጫማ ሲቀደድ ቁጭ ብሎ በእጁ ይሰፋላቸዋል፤ ዝናብ ሲይዛቸው ጃኬቱን አውልቆ ለታናሺቱ ያለብሳል። ነገር ግን በልቡ አንድ ቁጭት ነበረው። በወጣትነቱ ለትልቅ ውድድር ደርሶ አራተኛ ወጥቶ ተመልሷል። ሦስተኛው የበለጠው በአንድ ስንዝር ብቻ ነበር። ያቺ ስንዝር ሃያ ዓመት ሙሉ አልለቀቀችውም።

አንድ ቀን በማሽላ ማሳ ዳር ሲያልፍ፣ አንዲት ልጅ ማማ ላይ ቆማ ወፍ ስታባርር አየ። የአፈር ጓል አንስታ ስትወረውረው ማሳውን አቋርጦ ከማዶው ግራር ሥር ይወድቃል። አዳሙ ቆሞ ቀረ። አሥር ጊዜ ስትወረውር አሥሩንም ቆጠረ። በማግስቱ እናቷ ዘንድ ሄደ።

ልጅቷ ትርንጎ ትባላለች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ሞቷል። እናቷ ወይዘሮ የሻረግ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «ይህ ውርወራ ምን ያደርግላታል?» ስትል ጠየቀችው።

«በክልል ውድድር አንደኛ ከወጣች ማሠልጠኛ ማዕከል ይወስዷታል። እዚያ ትማራለች፣ እዚያ ታድጋለች። ሰው ትሆናለች።»

 የሻረግም፣ «እንግዲያው አደራዎን። አባትም ይሁኑላት» አለችው።

ትርንጎ በስድስት ወር ውስጥ ከእሷ በፊት የጀመሩትን ሁሉ በለጠች። አዳሙ ያቺን ስንዝር ማሰብ የተወ መሰለ፤ ሌሊት የሚያልመው የሷን ጦር ሆነ። ለሌሎቹ ሃምሳ ውርወራ ሲያዝ ለሷ መቶ ያዛል። ብረት ሠሪው ጋ ሄዶም አዋቂ ወንዶች ከሚወረውሩት የከበደ ጦር አሠራላት። «ከባድ የለመደ ክንድ ቀላሉን እንደ ገለባ ያበረዋል» ይል ነበር።

በዚያው ከተማ፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ዘርፌ የሚባሉ የስፖርት መምህርት ነበሩ። እሳቸውም ወርዋሪዎች ያሠለጥናሉ፤ ሥልጠናቸው ግን ለብዙ ሰው መሳቂያ ነበር። ልጆቻቸው ዳገት ይወጣሉ፣ በአንድ እግር ይዘላሉ፣ አንዱ ሌላውን አዝሎ ሜዳውን ይዞራል። ጦር የሚይዙት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ቀላሉን። ሠላሳ ጊዜ ከወረወሩ በኋላ ልጁ «አንድ ብቻ!» ብሎ ቢለምንም መምህርቷ ጦሩን ይቀበሉታል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጭራሽ አያስነኩትም። ውድድር ሲመጣ ልጆቻቸው አምስተኛ፣ ስድስተኛ ይወጣሉ።

አንድ ቀን መምህርቷ በሜዳው ሲያልፉ ትርንጎ የብረቱን ጦር ስትወረውር አዩና ቆሙ።

«አዳሙ፣ ይህች ልጅ ስንት ወረወረች ዛሬ?»

«ሰማንያ። ሃያ ይቀራታል።»

«ልጄ፣ የውርወራ ጉልበት ከክንድ አይመጣም። ከእግር ይነሣል፣ በወገብ ያልፋል፣ ጀርባ ያቀብለዋል፤ ክንድ አድራሽ ነው። አንተ የላኪውን ሥራ ሁሉ በመልእክተኛው ላይ ጫንክበት። አጥንቷ ገና ለጋ ነው፤ ይደርስልሃል፣ ታገሥ።»

«መምህርት፣ ውድድሩ አይታገሠኝም» አለ አዳሙ በትሕትና። በልቡ ግን፣ የርስዎ ልጆች አምስተኛ የሚወጡት ለዚህ ነው ብሎ ነበር።

በዚያው ሳምንት ብርቄ የምትባል ልጅ ትከሻዋን ይዛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ አመመኝ» አለችው። አዳሙ ተናደደ። ልጆቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ «የሚያመው ካለ ቤቱ ሄዶ እናቱ ጉያ ይቀመጥ! ትርንጎን እዩ። በቀን መቶ እየወረወረች አንድ ቀን አመመኝ ብላ ታውቃለች?» አላቸው። ልጆቹ ዞረው ትርንጎን አዩ። እሷ መሬት መሬት አየች። ብርቄ ከዚያን ቀን በኋላ አልመጣችም።

ከዚያ ወዲህ አዳሙ አንዳንድ ነገር ማየት ጀመረ። ትርንጎ ውኃ ስትጠጣ ጣሳውን የምታነሣው በግራ እጇ ነው። የደብተር ቦርሳዋም ወደ ግራ ትከሻዋ ተዛውሯል። ጧት ጧት ስትመጣ የቀኝ ክንዷ በደንብ አይዘረጋም፤ ከብዙ ውርወራ በኋላ ነው የሚፍታታላት። አዳሙ ይህን ሁሉ አይቷል። ያየውን ግን ለራሱ በሌላ ስም ነገረው፤ ክንዷ እየጠነከረ ነው አለ።

በዞኑ ውድድር ትርንጎ ተከታይዋን በሁለት ሜትር በልጣ አንደኛ ወጣች። ከተማው በጭብጨባ ተቀበላት። ለክልሉ ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀር አዳሙ የዕረፍቷንም ቀን ወሰደ።

የክልሉ ውድድር ቀን ደረሰ። በመጀመሪያው ውርወራ ትርንጎ መሪነቱን ያዘች። ጦሩን ለቅቃ ስትመለስ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ ክርኗን በሌላው እጇ ደግፋዋለች። አዳሙ እዚያው ሊያስቆማት ይችል ነበር። ወደ ሜዳው ጠርዝ ጠጋ ብሎ፣ «ደህና ነሽ አይደል የኔ ጀግና?» አላት።

እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አንድ ነው።

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

ሁለተኛውን ወረወረች። የደረቀ አገዳ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ጦሩ ከፊት ለፊቷ ዐሥር እርምጃ እንኳ ሳይርቅ ወደቀ። ትርንጎ አልጮኸችም። በጉልበቷ ተንበርክካ ክንዷን አቅፋ ቀረች፤ ሰዎች ሊያነሧት ሲሮጡ እንኳ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ሆስፒታል የመረመራት ሐኪም አዳሙን ወደ ውጭ ጠራው። «የልጅ አጥንት ጫፉ ገና አልደደረም» አለው። «ጅማቱ የተያያዘበትን አጥንት ገንጥሎ ይዞት ወጥቷል። ነርቭም ተነክቷል። ይህ ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ወራት ሲበላት የቆየ ነው። እንዴት ሳትነግርህ ቀረች?»



ትርንጎ በቀዶ ሕክምና ታከመች። ክርኗ ግን ከዚያ በኋላ ተዘርግቶ አያውቅም። የዚያ እጇ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቷም በድን ሆኑ፤ ብዕር ስትይዝ ያመልጣታል። የመጀመሪያ ውርወራዋን የበለጠ ባይኖርም፣ ማሠልጠኛ ማዕከሉ የገባችው በሷ ቦታ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ነበረች። ትርንጎ እዚያው ከተማዋ ቀርታ፣ በግራ እጇ መጻፍ እንደ ሕፃን ከሀ ጀመረች።

አዳሙ ወር ሙሉ ሊጠይቃት አልደፈረም። በመጨረሻ ሄደ። የሻረግ አልተቆጣችውም፤ እንዲቀመጥ ዱካ አቀረበችለት። ብትቆጣው ይቀለው ነበር። ተቀመጠና፣ «ትርንጎ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለ።

ልጅቷ ደነገጠች። «ኧረ ጋሼ! እርስዎ ምን አደረጉ? ጥፋቱ የኔ ነው። አመመኝ ብዬ ብነግርዎ ኖሮ ያሳርፉኝ ነበር።»

አዳሙ ራሱን አቀረቀረ። ብትነግረው እንደማያሳርፋት ያውቃል። ልጅቷ ግን ከልቧ አምናዋለች። ይህን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ የእናቲቱን ዓይን አየና ተወው። ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መምህርት ዘርፌ ሄዶ፣ «ያስተምሩኝ» አላቸው። መምህርቷም ሳይወቅሱ አስተማሩት። ልጆቹን ዳገት ማስወጣት፣ እግርና ወገባቸውን ማጠንከር፣ ውርወራውን መቁጠርና ማስቆም፣ ማሳረፍ ጀመረ። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ በየጧቱ ልጆቹን አሰልፎ በየተራ፣ «የሚያምሽ ቦታ አለ? የሚያምህስ?» እያለ ይጠይቃል።

«የለም ጋሼ! ደህና ነን!» ይሉታል ሁሉም።

አዳሙ ፊታቸውን አንድ በአንድ ያያል። ከመካከላቸው እውነቱን የሚናገረው የትኛው፣ የሚደብቀው የትኛው እንደሆነ መለየት አይችልም። ዝም ማለትን ያስተማራቸው እሱ ነው፤ ያን ትምህርት እንዴት እንደሚያስረሳቸው ግን የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ወዳጆቼ፣ የልጅ ጉልበት በራሱ ጊዜ ይደርሳል፤ በኛ ቁጭት ልክ አይፈጥንም። ታግሦ የሚያሳድገው ዘግይቶም ቢሆን ጽኑ ክንድ ያያል፤ የሚቸኩል ግን ያልደረሰውን ቀጥፎ የዛሬውንም የነገውንም ያጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሕመሙን እንዳይናገር ያሳፈርነውን ልጅ ያጠነከርነው ይመስለናል፤ ያደረግነው ግን ከሕመሙ ጋር ብቻውን መተው ነው። ክንዱ ከመሰበሩ በፊት እኛ ዘንድ የሚመጣበትን መንገድ ሰብረንበታል።

በቤታችሁ፣ በክፍላችሁ ወይም በሜዳችሁ «ደህና ነኝ» የሚላችሁ ልጅ ይኖር ይሆናል። «አመመኝ» ቢላችሁ ምን እንደምትመልሱለት ያውቃልን?