የቀኝ በሬዎች ደሴት

«እሺ ባሻ፣ እሱስ ይሁን፤ በግራ በኩል ግን ማን ይቆማል?» አለች ውዳላት።

ዋርካው ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ ሳቀ። ባሻ ፈንታም ሳቁ። ድንጋይ ላይ ወጥተው ነበርና ሲስቁ ሆዳቸው ከሰው ራስ በላይ ተነቃነቀ።

«አንቺ ሴት፣ እኔ ስለ ክብር አወራለሁ፤ አንቺ ስለ በሬ ትጠይቂኛለሽ።»

«የኔ ክብር በሬዬ ነዋ፣ ባሻ።»

«እንግዲያው ደስ ይበልሽ። ከእንግዲህ በሬሽ ውሃ አይሻገርም። በአገሩ ይውላል፣ በአገሩ ያድራል፣ በአገሩ ያርሳል።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ውዳላት አላጨበጨበችም። ጥያቄዋ አልተመለሰማ።

ቆይ፣ ቆይ። ከመሃል ጀመርኩባችሁ። ጠጋ በሉና ከሥሩ ልንገራችሁ።

*

ዘመኑ ዛሬ የት እንደገባ እንጃ እንጂ፣ ባሕር መሃል አንዲት ደሴት ነበረች። ደሴቲቱ ኩሩ ነበረች። አለቃዋ ባሻ ፈንታ አንደበታቸው ቅቤ ነበር። ውዳላት ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ቦራ የሚባል አንድ በሬ ያላት፣ መጠየቅ የማይታክታት ሴት ነበረች። የሰው ድስት ሲፈላ ብታይ ምን እንዳለበት ሳትጠይቅ አታልፍም።

በዚያች ደሴት ሳር አጭር ነው። ስለዚህ አንድ ቤት አንድ በሬ ብቻ ነበረው። በወዲያ ማዶ፣ በባሕሩ ዳር ያሉት መንደሮችም እንዲሁ። አንድ በሬ ደግሞ ምን ያርሳል? ምንም።

ስለዚህ መቀናጆ ገቡ። አንድ በሬ ከደሴት፣ አንድ በሬ ከማዶ።

የደሴቲቱ አፈር አሸዋ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ይታረሳል። የማዶው ጥቁር አፈር እግር ይይዛል፤ ቆይቶ ይታረሳል። ዝናብ ሲጀምር የማዶው በሬ ከታንኳ ኋላ እየዋኘ ይመጣና ደሴቱ ይታረሳል። ከዚያ ሁለቱም አብረው ይዋኙና ማዶው ይታረሳል። የማንም ጊዜ ከማንም ጊዜ አይጋጭም።

የጥንት ሰዎች በቦታ እንዳይጣሉም ተስማምተው ነበር። የደሴት በሬ በቀኝ ይጠመዳል። የማዶ በሬ በግራ ይጠመዳል። ጥጃው ከእናቱ ጡት ሲለይ ጀምሮ ጎኑን ይማራል።

ይኼን የሚጠብቅ ማኅበር ነበር። ሽማግሌዎቹ ማዶ ተቀምጠው የቀንበሩን ርዝመት ይለካሉ። በሬ የሚሻገርበትን ቀን ይቆርጣሉ። አንድ ዓመት ደግሞ የጅራፉን ውፍረት ለኩ። ይኼኔ ደሴቱ ተቆጣ።

«ዛሬ ጅራፋችንን የለካ ነገ ምላሳችንን ይለካል» አሉ ባሻ ፈንታ። «ከማኅበሩ እንውጣ። ጅራፋችሁን ራሳችሁ ትለካላችሁ። ቀኑን ራሳችሁ ትቆርጣላችሁ። የማዶ ሰዎች ደግሞ እኛን አጥተው የት ይገባሉ? እየዋኙ ይመጣሉ።»

ውዳላት ያን ጥያቄዋን የጠየቀችው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ «መውጣት የሚፈልግ ዋርካው ሥር፣ መቆየት የሚፈልግ ብሳናው ሥር ይቁም» ተባለ። ባል ዋርካው ሥር ሲቆም ሚስት ብሳናው ሥር ቆመች። አባት ከልጁ ተለየ። ውዳላት ብሳናው ሥር ቆመች፤ ጥያቄዋን የመለሰላት ቢገኝ ዋርካው ሥርም ትቆም ነበር። ሲታይ የዋርካው ሰው በጥቂቱ በለጠ።

ወጡ።

*

ዝናብ ጣለ። የማዶ በሬ አልመጣም።

የውዳላት ጎረቤት ጥጋቡ ዋርካው ሥር ከቆሙት አንዱ ነበር። ጠዋት ቡሬ የሚባለውን በሬውን እየነዳ መጣ።

«የኔና ያንቺን እንጠምዳለን፤ ቀላል ነገር ነው» አለ።

«በግራ ማን ይቆማል?»

«ከሁለት አንዱ ይቆማላ።»

ጠመዱ። ቡሬ በቀኝ ቆመ። ቦራ ወደ ግራ ተገፋ፤ ዞሮ መጣና እሱም በቀኝ ለመቆም ቡሬን ገፋው። ጥጋቡ ጅራፉን አጮኸ። ሁለቱም ወደ ቀኝ ሄዱ። እንደገና አጮኸ። እንደገና ወደ ቀኝ ሄዱ። ትልሙ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና ከተነሣበት ቦታ ተመልሶ ገጠመ።

ጥጋቡ እርፉን ለቆ ክቡን አየው።

«ይኼ እርሻ ነው ወይስ አውድማ?»

«እህሉን አምጣውና እንውቃዋ» አለች ውዳላት።

ጥጋቡ መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን ቀና ሲል በየማሳው ክብ አየ። ከዳር እስከ ዳር፣ ደሴቲቱ በክብ ተሞልታ ነበር።

ይኼ ለምን እንደሚያስፈራ ልንገራችሁ። በደሴቲቱ ሕግ ፍልሰታ እስኪገባ ያልታረሰ መሬት ማረስ ለሚችል ሰው ይሰጣል። ውዳላት ያላት ያቺ ማሳ ብቻ ናት። ማሳዋ ከሄደች ቦራ ሳር የለውም፣ እሷም እንጀራ የላትም።

ታዲያ ማረስ የሚችል ማን ነበር? ውዳላት ይኼን ለማወቅ ጓጓች። በደሴቲቱ ላይ ዞረች። ክብ፣ ክብ፣ ክብ። ከባሻ ፈንታ ማሳ ስትደርስ ግን ትልሙ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሏል። በቤታቸው ኋላ፣ በእሾህ አጥር ውስጥ፣ አንድ በሬ ያመሰኳል። አንገቱን አየችው። ቀንበር የላጨው በቀኝ ጎኑ ነው። ጓደኛው ሁልጊዜ በቀኙ የቆመ፣ የግራ በሬ ነው።

ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቦራን ፈትታ ወደ ባሕሩ ነዳችው።

*

ማዶ ስትደርስ፣ ድሮ ባዶ የነበረው ወደብ ላይ አጥር ቆሟል። አጥሩ በር አለው። በሩ በረኛ አለው።

በረኛው የቦራን ምላስ አየ። ሰኮናውን አየ። ጆሮውን ገልጦ አየ።

«ጤነኛ ነው» አለ።

«ተመስገን። እንግዲያው አሳልፈኝ።»

«የማኅበሩ በሬ አይደለም።»

«አምና እዚሁ ያየኸው በሬ አይደለም?»

«እሱማ ነው። ምሳዬን በልቶብኝ የለ?»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አምና የማኅበሩ ነበር። ደንብ ነው እቴ፤ የውጭ በሬ የሚገባው የማኅበሩ በሬ ሁሉ አርሶ ሲያበቃ ነው።»

«ያኔማ ዝናቡም ያበቃል።»

በረኛው ሰማዩን አየ። ሰማዩ የሱ ሥራ አልነበረም።

በዚህ መሃል የመቀናጆ ጓደኛዋ አያ ደረበ መጣ። ባሏ ሳይሞት ጀምሮ የሱ በሬ ዳለቻና ቦራ አብረው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። በአጥሩ ወዲያ ቆመ፤ ሰላምታ አልሰጣትም።

«ደህና ነህ፣ አያ ደረበ?»

«ደህና መሆኔን ለመጠየቅ ነው ባሕር ያቋረጥሽው?»

«በግራ የሚቆም አጥቼ ነው።»

«በግራ የሚቆመውማ ይኸው።» በአገጩ ወደ ኋላ አመለከተ። ዳለቻ ከግንድ ጋር ታስሮ ቆሟል፤ በቀኙ ማንም የለም። «የኛ ሰዎችም ቀኝ የላቸውም። ግራና ግራ ጠምደው መሬቱን እንደ እንዝርት ያሾሩታል።»

«እንግዲያው ተቸግራችኋላ። ለምን አትከፍቱልንም?»

«ማን ሊከፍት? ሽማግሌዎቹ፣ ‹የወጣውን እንደ ልቡ ካስገባነው ነገ ሁሉም ይወጣል› ይላሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ደረበ ወደ ዳለቻ ዞረ።

«እናንተ ዛፍ መርጣችሁ ቆማችሁ» አለ። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ የምቆምበት ዛፍ አልነበረኝም።»

ውዳላት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠይቀው አጣች።

ቦራ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫውን አሾለከ። ዳለቻ ከወዲያ ሆኖ ጮኸ። ከዚያ ታንኳዋን ወደ ኋላ ገፋችው።

*

ውሃው መሃል ስትደርስ አንድ ነገር አሰበች። የቀኝ በሬ ግራ ቢቆም ምን ይሆናል? ይሞታል? ይታመማል? ማንም ሞክሮት አያውቅም። ይኼ ነገር ከፍርሃቷ ይልቅ ጉጉቷን ቀሰቀሰው።

ለጥጋቡ ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«የቀኝ በሬ ግራ ማቆም ውርደት ነው። አባቱ ቀኝ ነው። አያቱ ቀኝ ነው።»

«አባቱ አሁን የት አለ?»

«ለመስቀል በልተነው የለ?»

«እንግዲያው አይቀየመኝም።»

ለጥጋቡ ቡሬን ግራ ማቆም ሞቱ ነው። ሌላውም ጎረቤት እንዲሁ። ሁሉም በሬው ቀኝ እንዲቆም፣ የሌላው ደግሞ ግራ እንዲቆም ይፈልጋል። በዚህ ነገር ዱላ የተማዘዙ አሉ። ውዳላት ግን ቦራን ይዛ ጀመረች። ከግራ አበላችው፣ ከግራ አጠጣችው፣ ከግራ ጎኑ ሆና አከከችው። በመጀመሪያ ሲጠምዱት ተኛ። ቀጥሎ ሲጠምዱት ቀንበሩን ይዞ ሸሸ። ሦስተኛ ሲጠምዱት ቆመ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በግራ ቆመ።

ጥጋቡ እርፉን ያዘ። ትልሙ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጥጋቡ ዳር ደርሶ ዞረና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ ላቤ ነው አለ።

የውዳላት ማሳ ታረሰ። የጥጋቡም ታረሰ። ከዚያ የደሴቲቱ ሰው ሁሉ እሷ ደጅ መጣ። ውዳላት ቦራን ለማንም አልከለከለችም። «ግን በሬህን ግራ አስተምር፤ እኔ አሳይሃለሁ» ትል ነበር።

*

የፍልሰታ ዋዜማ ባሻ ፈንታ የደሴቲቱን ሽማግሌዎች አስከትለው፣ መሬት የሚለካ ገመድ ይዘው መጡ። ፊታቸው ሐዘንተኛ ነበር፤ ሊወስዱ ሲመጡ ፊታቸው እንዲያ ነው።

«ሕግ ሕግ ነው፣ ልጄ...» ብለው ጀመሩና ማሳውን አዩት። ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን አረሰው?»

«ጥጋቡ።»

«በምን?»

«በቡሬና በቦራ።»

«ሁለቱም የቀኝ አይደሉም? በግራ ማን ቆመ?»

«አሁን ገና ጠየቁ፣ ባሻ» አለች ውዳላት። «እኔም ልጠይቅዎት። በቤትዎ ኋላ የታሰረው በሬ የማን አገር ልጅ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ባሻ ዞሩ። ባሻ ስለ ክብር መናገር ጀመሩ። አንዱ ሽማግሌ እየተናገሩ ሳሉ ወደ ቤታቸው ኋላ ሄዶ አየና ሚስታቸውን ጠይቆ ተመለሰ።

«የሚስታቸው ወንድም ከማዶ የሰጣቸው ነው። ከዋርካው ቀን በፊት ነው የመጣው» አለ።

ፍርዱ አጭር ነበር። የባሻ የግራ በሬ ከየቤቱ የቀኝ በሬ ጋር እየተጠመደ ባልታረሰው ማሳ ሁሉ ይዞራል፤ ገመዱን ይዘው የሚዞሩት ደግሞ ራሳቸው ባሻ ናቸው። ዞሩም። በጭቃ፣ በጉልበታቸው እየወደቁ ዞሩ። አለቅነታቸውን ተቀሙ። ከሳቸው በኋላ የመጣው አለቃም አልበረከተም፤ ከሱ በኋላ የመጣውም እንዲሁ። ደሴቲቱ አለቃን እንደ እርጥብ ነጠላ ትቀያይር ጀመር።

ዋርካው ሥር ቆሜ ነበር የሚል ሰውም ጠፋ። ሁሉም ብሳናው ሥር ነበርኩ ይላል። ያ ብሳና ያን ሁሉ ሰው በምን ጥላ እንደቻለው እንጃ።

ተረቴ እዚህ ቢያልቅ፣ «ልጆች፣ ጥንድህን ሳታይ ቀንበር አትፍታ፤ በሌላ ሰው በሬ የሚኮራን ሰውም ከአጥሩ ኋላ ተመልከት» ብዬ አሰናብታችሁ ነበር። ምክሩም ደህና ምክር ነው።

ግን አላለቀም።

*

አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አንድ ሰው ውሃ እያንጠባጠበ ውዳላት ደጅ መጣ። አያ ደረበ ነው። ከኋላው ዳለቻ አለ።

«የማኅበሩ ሽማግሌዎች ፈቀዱ» አለ። «ለአንድ ጥንድ። ለሙከራ ነው፤ ደህና ከሆነ በሩን ያሰፉታል። እኔና አንቺ እንድንሆን ለመንኳቸው። ረጅም ጊዜ ለመንኳቸው፣ ውዳላት።»

እሷ ዳለቻን አየች። ከስቷል።

ቦራ ከታሰረበት ጮኸ። ስትፈታው ሮጦ መጣ። ሁለቱ በሬዎች አንገት ለአንገት ተላላሱ። ደረበ ሳቀ፤ አጥሩ ከቆመ ወዲህ ስቆ አያውቅም ነበር። ከደጁ የተጋደመውን ቀንበር አነሣ።

«በል፣ ና ዳለቻ።»

ዳለቻ መጥቶ በግራ ቆመ።

ቦራም መጥቶ በግራ ቆመ።

ዳለቻ ወደ ኋላ አለና አየው። በትከሻው ገፋው። ቦራ አልተነቃነቀም። እንደገና ተጋፉ፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ፣ በቀኙ ማንም የለም።

ደረበ ቀንበሩን እንደያዘ ቀረ።

«ምን አደረግሽው?»

«አስተማርኩት።»

«ይመለሳል?»

«እንጃ፣ አያ ደረበ። ይማራል ብዬም አላሰብኩም ነበር።»

«ዳለቻ ደግሞ አርጅቷል።»

«አያለሁ።»

ነፋሱ ከባሕሩ በኩል መጣ። ደረበ በእርጥብ ልብሱ ተንዘፈዘፈ።

«በልተሃል?» አለችው።

«ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም።»

«ግባ።»

ቀንበሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ጎንበስ ብሎ ገባ። ውዳላት ወደ በሬዎቹ አንዴ ዞራ አየች። ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋችው።